ሽቦው ከመታሰሩ በፊት፦ ለአዋቂዎች የብሬስና የመንጋጋ ቀዶ ሕክምና ውሳኔ መመሪያ

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በላይ ሆኖ ጥርሳቸውን ለማስተካከል ሲሄዱ «የእርስዎ ችግር የጥርስ ብቻ ሳይሆን የመንጋጋም ነው» ለተባሉ ሰዎች ነው። በአዲስ አበባ መሐል፣ ከአራት ኪሎ እስከ ስታዲየምና ሜክሲኮ ባሉ ታክሲዎች ውስጥ፣ ብሬስ (የጥርስ ማስተካከያ ሽቦ) ያሰረ የባንክ ሠራተኛ ወይም መምህር ማየት ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። የመንጋጋ ቀዶ ሕክምና ግን ገና በሹክሹክታ የሚነገር ጉዳይ ነው። በዚህም ምክንያት ብዙ ሰው መጀመሪያ ሽቦውን ያሳስርና ስለ ቀዶ ሕክምናው «በኋላ እናስብበታለን» ይላል። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ ያለበት እዚህ ላይ ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ሁለቱ መንጋጋዎች ሳይመጣጠኑ ሲያድጉ ጥርሶች ጉድለቱን ለመሸፈን በጊዜ ብዛት ያዘነብላሉ። የታችኛው መንጋጋ ወደ ፊት ከወጣ የታች የፊት ጥርሶች ወደ ምላስ፣ የላይኞቹ ደግሞ ወደ ከንፈር ያጋድላሉ። ያለ ቀዶ ሕክምና በሽቦ ብቻ ለማስተካከል ከተወሰነ ሐኪሙ ይህንኑ ማዘንበል ይጨምርበታል፤ ቀዶ ሕክምና ከታሰበ ግን በተቃራኒው እያንዳንዱን ጥርስ በአጥንቱ ላይ ቀጥ አድርጎ ስለሚያቆመው፣ ታማሚው ወደ ቀዶ ሕክምናው በተቃረበ ቁጥር የአገጩ መውጣት ከበፊቱ ብሶ ይታያል። የሚነቀሉት ጥርሶችም ይለያያሉ፤ እንዲህ ላለው ሰው በሽቦ ብቻ ሲሠራ ብዙውን ጊዜ ከታች ክራንቻዎች ኋላ ያሉት ሁለቱ ይነቀላሉ፤ ለቀዶ ሕክምና ሲዘጋጅ ደግሞ፣ መንቀል ካስፈለገ፣ ከላይ ነው። ስለዚህ አንዱን መንገድ ጀምሮ ወደ ሌላው መዞር የተነቀለን ጥርስ ማስመለስ የመፈለግ ያህል ነው።

እኔ ራሴ በ31 ዓመቴ የሄድኩበት የመጀመሪያው ክሊኒክ፣ ራጅ እንኳ ሳላነሣ፣ ሁለት የታች ጥርሶቼን ለማስነቀል ለሐሙስ ቀጠሮ ሰጥቶኝ ነበር። ያዳነኝ ብልህነቴ ሳይሆን በዚያ ሐሙስ ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ አለማግኘቴ ነው።

1. ችግርዎን በራስዎ ቃል ይጻፉ

ክሊኒክ ከመሄድዎ በፊት በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ የሚያስቸግርዎትን ነገር ይጻፉ፤ መልክ፣ ማኘክ፣ ንግግርና ትንፋሽ የሚሉትን ለየብቻ ያስቀምጡ። ስለ ማኘክ ሲጽፉ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። እንጀራ በእጅ ተቆርሶ ስለሚጎረስ የፊት ጥርስ አለመግጠም በእኛ ማዕድ ላይ ለዓመታት ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል። የሚታወቀው በክረምት መንገድ ዳር የተጠበሰ የበቆሎ እሸት ሲግጡ፣ ሳንድዊች ሲገምጡ፣ ወይም ቁልፍ ተክለው ክሩን በጥርስዎ ለመቁረጥ ሲሞክሩ ነው። ክሩ በፊት ጥርስዎ መካከል ሾልኮ ከወጣና ወደ ጎን ወስደው በመንጋጋ ጥርስ የሚቆርጡ ከሆነ ይህን ይጻፉት፤ ለሐኪሙ «ጥርሴ አያምርም» ከሚለው ዐረፍተ ነገር የበለጠ ይነግረዋል።

ጮክ ብለው የሚያንኮራፉ፣ ሌሊት ትንፋሽዎ ተቋርጦ የሚነቁ ወይም ቀን እንቅልፍ የሚጥልዎት ከሆነ ይህንንም አይዝለሉት። የታችኛውን መንጋጋ ወደ ኋላ መመለስ የአየር መተላለፊያውን ሊያጠብ ይችላል፤ ሁለቱንም መንጋጋዎች ወደ ፊት ማምጣት ደግሞ በእንቅልፍ ጊዜ ለሚቋረጥ ትንፋሽ ከታወቁት ሕክምናዎች አንዱ ነው። የእንቅልፍዎ ሁኔታ የቀዶ ሕክምናውን ዕቅድ ራሱን ሊቀይረው ይችላል ማለት ነው።

ፍንጭት ያለዎትና የሚወዱት ከሆነ በመጀመሪያው ቀን ይናገሩ። የሙያው መጻሕፍት ፍንጭትን የሚዘጋ ክፍተት አድርገው ስለሚያዩት፣ ዝም ካሉ መዘጋቱ አይቀርም።

2. አፍዎን አስቀድመው ያሳክሙ

ድድ እየደማ ብሬስ አይታሰርም። በታመመ ድድ ላይ ጥርስ ሲገፋ ጥርሱን የያዘው አጥንት በፍጥነት ስለሚያልቅ፣ በተለይ ከ30 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው የጥርስ እጥበቱና የድድ ሕክምናው ተጠናቆ ድዱ ጤናማ መሆኑ መረጋገጥ አለበት። የተቦረቦረ ጥርስ ይሞላ፤ ሥሩ የታመመም ይታከም። የጎደለ ጥርስ ካለዎት ግን ኢምፕላንት (በአጥንት ውስጥ የሚተከል ሰው ሠራሽ ጥርስ) ለማስተከል አይቸኩሉ፤ ኢምፕላንት ከአጥንት ጋር የሚጣበቅ በመሆኑ በሽቦ አይንቀሳቀስም፤ ቦታው የሚወሰነውም ጥርሶቹ ከተስተካከሉ በኋላ ነው።

በስምጥ ሸለቆ፣ በአዳማ፣ በወንጂ፣ በመተሐራ ወይም በዝዋይ አካባቢ የጉድጓድ ውኃ እየጠጡ ያደጉና ጥርስዎ በፍሎራይድ ቡናማ የሆነ ከሆነ፣ በዚያ ዓይነት የጥርስ ገጽ ላይ የብሬሱ ማጣበቂያ በቀላሉ ሊለቅ እንደሚችል ይወቁ። ይህ ሕክምናውን አይከለክልም፤ ነገር ግን ማጣበቂያው እንዴት እንደሚጠናከርና የወደቀ ብሬስ ሲተካ ክፍያ ይኖረው እንደሆነ አስቀድሞ ይጠየቅ።

በስተመጨረሻ የሚበቅሉትና ብዙዎች የአእምሮ ጥርስ የሚሏቸው የታች ጥርሶች በአጥንት ውስጥ ተቀብረው ከሆነ፣ አብዛኞቹ ቀዶ ሐኪሞች መንጋጋው ከመከፈሉ ስድስት ወር ያህል አስቀድሞ እንዲነቀሉ ይፈልጋሉ፤ አጥንቱ የሚቆረጠው በዚያው አካባቢ ነውና።

3. ሁለት ባለሙያዎችን ከመጀመሪያው ያገናኙ

ብሬስ የሚያስሩ ሁሉ ኦርቶዶንቲስት፣ ማለትም የጥርስ ማስተካከል ስፔሻሊስት፣ አይደሉም። ጠቅላላ የጥርስ ሐኪም ቀላል መዛባትን ሊያስተካክል ይችላል፤ የመንጋጋ ጉዳይ ግን በጥርስ ማስተካከል ስፔሻላይዝ ያደረገ ሐኪምና የአፍ፣ የፊትና የመንጋጋ ቀዶ ሐኪም አንድ ላይ ሊያቅዱት ይገባል። የስፔሻሊቲ ማስረጃውንና የሙያ ፈቃዱን ለማየት መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ወረቀት የአጭር ሥልጠና ምስክር ወረቀት ሊሆን ስለሚችል ጠጋ ብለው ያንብቡት።

ቀዶ ሐኪሙን በተመለከተ አንድ ልዩነት ማስተዋል ይጠቅማል። እንደ የካቲት 12 ባሉ የከተማችን የመንግሥት ሆስፒታሎች የፊትና የመንጋጋ ስብራት ሲታከም ኖሯል፤ በመኪና አደጋና በድብደባ የተሰበረን መንጋጋ የሚጠግኑ እጆችም በዚሁ ሥራ የሠለጠኑ ናቸው። ይሁን እንጂ የተሰበረን ወደ ነበረበት መመለስና ደኅና የነበረን አጥንት በሚሊ ሜትር ለክቶ ወደ አዲስ ቦታ መውሰድ አንድ ሥራ አይደሉም። ጥያቄው መሆን ያለበት «መንጋጋ ይሠራሉ ወይ?» ሳይሆን «ከኦርቶዶንቲስት ጋር አስቀድመው አቅደው ስንት እንዲህ ያለ ታማሚ ሠርተዋል? የመጨረሻው መቼ ነበር?» የሚለው ነው። በመልሱ ውስጥ ከቁጥሩ ይልቅ ሐኪሙ ያለ ቁጣ መመለሱን ይመልከቱ።

ወደ ሕንድ፣ ወደ ቱርክ ወይም ወደ ታይላንድ ሄዶ ለመሠራት የሚያስቡም አሉ። ቀዶ ሕክምናው የሚጠይቀው የጥቂት ሰዓት ሥራ ቢሆንም ከፊቱ ከአንድ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ተኩል፣ ከኋላው ደግሞ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት የሽቦ ክትትል አለው። እዚህ የሚያስረው ሐኪምና እዚያ የሚቆርጠው ሐኪም ሽቦው ከመታሰሩ በፊት በጽሑፍ ካልተስማሙ የአውሮፕላኑን ትኬት አይቁረጡ።

4. ራጁንና ሞዴሉን ያሠሩ፤ ቅጂውንም ይያዙ

ቢያንስ ሁሉንም ጥርስ በአንድ ላይ የሚያሳይ ሰፊ ራጅ፣ የጭንቅላት የጎን ራጅ፣ የፊትና የአፍ ፎቶግራፎች፣ እንዲሁም የጥርስ ሞዴል ያስፈልጋሉ። ፊት ወደ አንድ ጎን የተጣመመ ከሆነ ባለ ሦስት ገጽታ የመንጋጋ ሲቲ ስካን ይታከላል። ከጎን ራጁ ላይ የሚለኩ ማዕዘኖች አሉ፤ ከራስ ቅል ሥር ተነሥቶ የላይኛው መንጋጋ በአማካይ 82 ዲግሪ፣ የታችኛው 80 ዲግሪ፣ ልዩነታቸውም 2 ዲግሪ ያህል ይሆናል ይባላል። እነዚህ አማካዮች በአብዛኛው ከአውሮፓውያን ፊት የተወሰዱ በመሆናቸው የሐበሻን ፊት በእነሱ ብቻ መዳኘት አይገባም፤ ጥሩ ሐኪም ቁጥሩን ካየ በኋላ ፊትዎን ቀና ብሎ ያያል።

ጉዳዩ ለእኔ የገባኝ በቁጥር ሳይሆን በጀሶ ነው። ሁለተኛዋ ሐኪም የላይና የታች ጥርሶቼን የጀሶ ሞዴሎች አንዱን በአንዱ ላይ ስታስቀምጣቸው «ቋ» ብለው ተጋጩ፤ የተነካኩት ከኋላ በግራና በቀኝ ያሉ ሁለት ጥርሶች ብቻ ነበሩ። ከዚያ ታችኛውን ሞዴል በአውራ ጣቷ የእርሳስ ውፍረት ያህል ወደ ኋላ አንሸራተተችው። የፊቶቹ ገጠሙ፤ የጎኖቹ ግን ላይኛው ጠባብ ስለነበረ የታቾቹ በሁለቱም በኩል ከውጭ ቀሩ። «አሁን አየሽ? አገጭሽን መመለስ ብቻ አይበቃም፤ ላይኛውም መስፋት አለበት» አለችኝ። የትኛውም ክሊኒክ ይህን የማንሸራተት ሙከራ በጀሶም ሆነ በኮምፒውተር እንዲያሳይዎት ይጠይቁ፤ ከአንድ ሰዓት ገለጻ ይሻላል።

የሁሉንም ቅጂ ይውሰዱ፤ ራጁን በፍላሽ፣ ሪፖርቱን በወረቀት። ሕክምናው ሁለትና ሦስት ዓመት የሚዘልቅ ነው፤ በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ካዛንቺስ ሲፈርሱ ያየ የከተማችን ነዋሪ፣ ዛሬ የታከመበት ሕንፃ ሕክምናው እስኪያልቅ እዚያው ይቆማል ብሎ ሊተማመን አይችልም።

5. ሦስቱን መንገዶች ጎን ለጎን ያስቀምጡ

የመጀመሪያው መንገድ መተው ነው። የሚያኝኩ፣ በደንብ የሚተነፍሱና በመልክዎ ብዙም የማይጨነቁ ከሆነ፣ ድድዎን እየተንከባከቡ መኖር እንደ ሽንፈት የማይቆጠር የሕክምና ውሳኔ ነው።

ሁለተኛው በሽቦ ብቻ መሸፈን ነው። ጥርሶች እንዲገጥሙ ይደረጋል፤ አጥንቱና የፊት ቅርጹ ግን በነበረበት ይቀራል። የመንጋጋው ልዩነት ትንሽ ከሆነ ይህ በቂና ርካሽ መፍትሔ ነው። ነገር ግን ወሰን አለው፤ የላይ የፊት ጥርስ ከታቹ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር መቅደሙ የተለመደ ሲሆን፣ በአዋቂ ላይ ይህ ርቀት ከ10 ሚሊ ሜትር ካለፈና የታችኛው መንጋጋ አጭር ከሆነ በሽቦ ብቻ መድረስ አዳጋች ነው። ከወሰኑ በላይ የተገፋ ጥርስ ሥሩ ሊያጥር፣ ድዱም ሊሸሽ ይችላል።

ሦስተኛው ሽቦና ቀዶ ሕክምና ነው። እዚህ ላይ የሚታለለው ሰው «ቀዶ ሕክምና ካደረግኩ ሽቦው ይቀርልኛል» ብሎ የሚያስበው ነው፤ ሽቦው አይቀርም። ዕድሜም ይታያል፤ የመንጋጋ ዕድገት ሳይቆም፣ በተለይ ወደ ፊት የሚወጣ አገጭ ባላቸው ወንዶች፣ ከተቆረጠ በኋላ እድገቱ ቀጥሎ ሥራውን ሊያበላሸው ስለሚችል፣ በወራት ልዩነት የተነሡ የጎን ራጆች ተነጻጽረው እድገቱ መቆሙ ይረጋገጣል። ለላይኛው ዕድሜ ግን ይህ ነው የሚባል ገደብ የለም።

6. ቀዶ ሐኪሙን የሚጠይቁት

የታችኛውን መንጋጋ በግራና በቀኝ ሰንጥቆ የማንሸራተት ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1957 በትራውነርና በኦብዌጌሰር ከታተመ ወዲህ፣ መሻሻል እየተደረገበት፣ ከአፍ ውስጥ ይሠራል፤ ስለዚህ ፊት ላይ ጠባሳ አይተውም ማለት ይቻላል። አጥንቱ በትናንሽ የቲታኒየም ሳህኖችና ብሎኖች ይያዛል። ሕክምናው በሙሉ ማደንዘዣ የሚሠራ ሲሆን ሆስፒታል ከአንድ እስከ ሦስት ሌሊት ያስተኛል።

ከሁሉም በላይ ስለ መደንዘዝ ይጠይቁ። ለታችኛው ከንፈርና ለአገጭ ስሜት የሚሰጠው ነርቭ በሚሰነጠቀው አጥንት ውስጥ ስለሚያልፍ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከንፈር አለመሰማቱ የተለመደ ነው። በአብዛኛው በወራት ውስጥ ይመለሳል፤ በአንዳንዶች ላይ ግን በከፊል ለሁልጊዜ ይቀራል፤ ዕድሜ ሲጨምርም ይህ ዕድል ይጨምራል። ከንፈርዎ ላይ የወጥ ጠብታ መቅረቱ ሳይሰማዎት በሰው ፊት መብላትን ሊቀበሉት ይችሉ እንደሆነ በጸጥታ ያስቡበት፤ ከዚህ የበለጠ ክብደት ያለው ጥያቄ በዚህ መመሪያ ውስጥ የለም። ከዚህ ሌላ ስለ ኢንፌክሽን፣ ስለ ደም መፍሰስና ደም አስቀድሞ ስለ ማዘጋጀት፣ መንጋጋው በከፊል ወደ ነበረበት ስለ መመለሱ፣ እንዲሁም ሌሊት ችግር ቢፈጠር የትኛው ሐኪም እንደሚጠራ ይጠይቁ። ሲጋራ የሚያጨሱ ከሆነ አይደብቁ፤ የአጥንቱን መጋጠም ያዘገያል።

ፊትዎ እንደሚለወጥም ይወቁ። እናቴ ነገሩን ስነግራት ለጥቂት ጊዜ ዝም ካለች በኋላ «ልጄ፣ የአባትሽን አገጭ ልታስቆርጪው ነው?» አለችኝ። ይህን ለሐኪሟ ስነግራት አልሳቀችም፤ የአባቴን ፎቶግራፍ ይዤ እንድመጣ አዘዘችኝ፤ ከዚያም ምን ያህሉ እንደሚቀር፣ ምን ያህሉ እንደሚሄድ በወረቀት ላይ አሳየችኝ።

7. ገንዘቡን በሙሉ ያስጽፉ

የብሬሱ ዋጋ ብቻ ሲነገርዎት አይርኩ። ራጅ፣ የጥርስ ነቀላ፣ ወርሃዊ ክትትል፣ የወደቀ ብሬስ መተኪያ፣ የቀዶ ሐኪምና የማደንዘዣ ክፍያ፣ የአልጋ፣ የሳህንና የብሎን፣ በመጨረሻም ሪቴይነር (ጥርሶቹ ወደ ነበሩበት እንዳይመለሱ የሚይዘው መሣሪያ) በዝርዝር በአንድ ወረቀት ላይ ይስፈሩ። ሽቦውም ቲታኒየሙም ከውጭ የሚገቡ ናቸው፤ የውጭ ምንዛሬ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ዛሬ የተነገረ ዋጋ ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ ላይጸና ይችላል። ስለዚህ የትኛው ክፍያ በብር የተቆረጠ፣ የትኛው እንደ ጊዜው የሚታሰብ እንደሆነ ይለይ። በዕቁብ ለመክፈል ካሰቡ ዕጣዎን ለቀዶ ሕክምናው እንጂ ለብሬሱ አያድርጉት፤ ብሬሱ በየወሩ ሊከፈል ይችላል፤ ሆስፒታሉ ግን በአንድ ጊዜ ይጠይቃል።

8. ጊዜውን ከሥራና ከጾም ጋር ያስተያዩ

እብጠቱ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይበረታል፤ አብዛኛው በሁለትና በሦስት ሳምንት ይቀንሳል፤ የፊቱ የመጨረሻ መልክ ግን ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ይጠብቃል። ለቢሮ ሥራ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ፈቃድ ያስቡ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የሕመም ፈቃድ ሲሰጠው የመጀመሪያው አንድ ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ ደመወዝ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ደመወዝ ናቸው፤ ከታወቀ የሕክምና ድርጅት የተሰጠ ማስረጃ ስለሚያስፈልግ ከሐኪሙ አስቀድመው ይጠይቁ።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የሚበላው ነገር በሙሉ ፈሳሽ ነው፤ አጥንቱ እስኪጠነክር እስከ ስድስተኛው ሳምንት ድረስም ማኘክ የማይጠይቅ ለስላሳ ምግብ ይቀጥላል። ቤታችን ለዚህ የተዘጋጀ ነው ማለት ይቻላል፦ የአጃ አጥሚት፣ ቀጠን ያለ ሽሮ፣ የተፈጨ የምስር ሾርባ፣ የቅቅል መረቅ፣ በወተት የተበጠበጠ በሶ፣ አቮካዶ ጁስ። ክብደት መቀነሱ ስለማይቀር ወተት፣ እንቁላልና መረቅ የሚከለከልበት ረጅም ጾም ውስጥ ቀጠሮ ባይያዝ ይመረጣል፤ ዐቢይ ጾም ላይ ከወደቀ ግን አስቀድሞ ከንስሐ አባት ጋር መመካከር ያስፈልጋል። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ሸንኮራ አገዳ ከብሬሱ መጀመሪያ እስከ መጨረሻ ድረስ ይቀራሉ። በመፋቂያ ብቻ የሚያጸዱ ከሆነም ጠባብ ብሩሽ ይጨምሩ፤ መፋቂያ ከሽቦው ሥር አይደርስም። እርድ የበዛበት አልጫ የብሬሱን ግልጽ ላስቲክ በአንድ ምሳ ቢጫ ያደርገዋል፤ ግራጫ ላስቲክ ይምረጡ።

9. የውሳኔው ቀን

ሁለቱንም ባለሙያዎች ካዩ በኋላ ቢያንስ አንድ ወር ይቆዩ፤ እኔን አምስት ወር ፈጅቶብኛል፤ አልተጸጸትኩበትም። በመጀመሪያ የጻፉትን ገጽ አውጥተው የመረጡት መንገድ የትኛውን ችግር እንደሚፈታ፣ የትኛውን እንደማይፈታ ከጎኑ ያስፍሩ። መልክ ብሎ የጻፈና በሽቦ ብቻ የሚታከም ሰው አገጩ እንደማይለወጥ ፈርሞ ማወቅ አለበት። ሕክምናው ካለቀ በኋላ ሪቴይነር፣ ቢያንስ ሌሊት ሌሊት፣ ለዓመታት እንደሚደረግም አብሮ ይጻፍ።

ከዚያ ወደ ኦርቶዶንቲስቱ ተመልሰው ሦስት ነገሮች በካርድዎ ላይ እንዲሰፍሩ ይጠይቁ፦ «በሽቦ ብቻ» ወይም «ለቀዶ ሕክምና ዝግጅት» የሚል ቃል፣ የሚነቀሉት ጥርሶች ቁጥር፣ የቀዶ ሐኪሙ ፊርማ። ካርዱን በስልክዎ ፎቶግራፍ ያንሡት። የመጀመሪያው ጥርስ የሚነቀለውና የመጀመሪያው ሽቦ የሚታሰረው ከዚህ በኋላ ነው።